ከቀኝ ሦስተኛዋ፦ የድሮ መድረክ ሰዎችን ፊርማ ፍለጋ በሰሜን ሸዋ

ሐሙስ፣ ጥር 16 ቀን 2011 ዓ.ም

የድሮ የመድረክ ሰዎችን ፊርማ እሰበስባለሁ። ቴምብር የሚሰበስብ አለ፣ የድሮ ብር የሚሰበስብ አለ፣ የእኔ አመል ደግሞ ይሄ ነው። ተዋናይ ይሁን ዘፋኝ፣ ክራር ተጫዋች ይሁን ተወዛዋዥ፣ በጃንሆይ ወይም በደርግ ጊዜ መድረክ ላይ የቆመ ሰው በእጁ የጻፈው ነገር አለ ከተባለ እዚያ ነኝ። ዘመዶቼ «ምን ሊረባህ ነው?» ይሉኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ያኔ አብዛኛው ቴአትር አይቀረጽም፣ መጋረጃው ከተዘጋ አለቀ። ደራሲው ድርሰቱ ይታተምለታል። ዘፋኙ ከቀናው ሸክላ ያስቀርጻል። ተዋናዩና ተወዛዋዧ ግን ላባቸውን አንጠፍጥፈው ሲያበቁ በእጃቸው የሚቀር ነገር የለም፣ ብዙ ቢሆን አንድ ፎቶ፣ ከፎቶው ጀርባ ደግሞ ዕድል ካለ ሁለት መስመር ጽሕፈት።

ወደ ሰሜን ሸዋ የመራኝ የደብረ ብርሃን ልጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ነው። «ያስተማሩን ሰውዬ የፊርማ ደብተር አላቸው፣ ለማንም አያሳዩም፣ ለአንተ ግን አስፈቅድልሃለሁ» አለኝ። የዓመት ፈቃዴን ሞላሁና ላምበረት መናኸሪያ ሄድኩ። ረዳቱ «ደብረ ብርሃን፣ የሞላ!» እያለ ይጮሃል። ገብቼ ሳይ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ያው እንደምናውቀው።

130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰንዳፋን፣ አለልቱን አለፍንና ሸኖ ላይ ሰው ሁሉ ለቅቤ ወረደ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ በፌስታል የቋጠሩት ለጋ ቅቤ እስከ ጫጫ ድረስ ሲያውደኝ መጣ፣ ቁርስ አልበላሁምና ስቃይ ነበር። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ደግሞ ብርዱ። የብርድ ልብስ ፋብሪካውን እዚህ ከተማ ያቋቋሙት ሰዎች በቦታ ጥናት ብዙ የደከሙ አይመስለኝም። ያረፍኩበት ቤት «ሙቅ ውሃ አለ» ብሎ አስከፍሎኝ ነበር። ውሃው ለብ ለማለት እንኳ ፈቃደኛ አልሆነም። ፊቴን ብቻ ታጠብኩ፣ ሁለት ካልሲ ደረብኩ፣ ተኛሁ።

ዓርብ፣ ጥር 17

ጋሼ ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል፣ ስለዚህ ጋሼ ይብቃን። ቤታቸው ከኃይለማርያም ማሞ ትምህርት ቤት ብዙም አይርቅም። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሬዲዮናቸውን ከፍተው ጠበቁኝ። ባለቤታቸው እትዬ የገብስ ቆሎ አቀረቡ፣ ቡናውም ተጣደ። ደብተሩ ግን ቶሎ አልመጣም። በቅድሚያ እኔ መፈተን ነበረብኝ።

«ነጋዴ ነህ?»

«አይደለሁም ጋሼ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የምትገዛው?»

«አልገዛም። እዚሁ ፎቶ አንስቼው ደብተሩን ለርስዎ ትቼ እሄዳለሁ።»

ይሄ ደንቤ ነው። አንዳንድ ሰብሳቢዎች ብር በኪሳቸው ይዘው የሽማግሌ ቤት ያንኳኳሉ። ሽማግሌው ችግር ላይ ካሉ ይሸጡላቸዋል፣ ከዚያ ወረቀቱ አዲስ አበባ መጥቶ በሦስት እጥፍ ይቸበቸባል። ደስ አይለኝም። «ለእገሌ ማስታወሻ» ተብሎ የተጻፈ ነገር ከእገሌ ቤት ሲወጣ ግማሽ ወሬው እዚያው ቀርቶ ነው የሚወጣው። ማን፣ የት፣ በምን ምክንያት እንደጻፈው የሚነግርህ ሰው ከጎኑ የለማ።

ጋሼ ተማሪ ሆነው አዲስ አበባ የኖሩት በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ይባላል፣ የንጉሡ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር በ1948 የተከፈተ ነው። ሀገር ፍቅር ደግሞ ከጣሊያን በፊት በ1927 ማኅበር ሆኖ የተመሠረተ፣ ታላቁ እሱ ነው። ጋሼ የምሳ ብራቸውን እየቆጠቡ ሁለቱም ጋ ይሄዱ ነበር። ትርዒቱ ሲያልቅ በጓሮ በር ይቆማሉ፣ ደብተራቸውን ዘርግተው። የወጣ ሁሉ ይፈርማል። አንዳንዱ ስሙን ጥርት አድርጎ ይጽፋል፣ አንዳንዱ የስሙንና የአባቱን ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ይጠመዝዝና ይሄዳል፣ አንዱ ተዋናይ ደግሞ «ነገ ፈተና የለህም እንዴ? ሂድ አጥና» ብሎ ጽፎላቸዋል። የአስናቀች ወርቁን ፊርማ የላቸውም። እሱ እስካሁን ይቆጫቸዋል። እኔንም ያስቆጨኛል። መድረክ ላይ ቀድመው ከወጡት ሴቶች አንዷ ናት፣ ክራሯን ደግሞ የማያውቅ የለም፣ መስከረም 2004 ላይ አርፋለች።

እኔ ደብተር ሳገላብጥ አንድ ልማድ አለኝ። ወደ መስኮቱ እሄድና ገጹን አጋድሜ አያለሁ። እስክሪብቶ ወረቀቱን ስለሚጫን ጭረቱ በጎን ብርሃን ሲታይ እንደ ቦይ ይጎደጉዳል። የታተመ ወይም ፎቶ ኮፒ የሆነ ፊርማ ቦይ የለውም። የብዕር ቀለም ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው፣ አይጎደጉድም፣ ግን ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ መስመሩ መዞሪያው ላይ ወፈር፣ ሲሮጥ ቀጠን ይላል። የጋሼ ደብተር በአብዛኛው የብዕር ነው። ሰማያዊው ቀለም ፈዝዟል እንጂ ይነበባል፣ ከፀሐይ ርቆ ሳጥን ውስጥ ስለኖረ።

ከዚያ ከደብተሩ መጨረሻ ሽፋን ውስጥ ፎቶውን አወጡት።

ጥቁርና ነጭ ነው፣ የፖስት ካርድ ያህላል። ስድስት ሴቶች በሀበሻ ቀሚስ በአንድ መስመር ቆመዋል፣ ከኋላቸው መጋረጃ አለ። የአንዷ ነጠላ መሬት ነክቷል። አንዷ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ካሜራው ቀድሟት ይሆናል። ጀርባው ላይ በሰማያዊ ቀለም፣ ወደ ቀኝ ዘመም ባለ ጽሕፈት፣ እንዲህ ይላል፦

«ለተማሪው ወንድሜ ማስታወሻ ትሁን። ከቀኝ ሦስተኛዋ።»

ስም የለውም። ፊርማም የለውም። ቀንም የለውም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጋሼ ፎቶውን እንዴት እንደያዙት አሁን አያስታውሱም፣ ግን ያን ምሽት በጓሮ በር ለቆመው ዘበኛ ከአንድ ስሙኒ ጋር ሰጡትና «ውስጥ አስገባልኝ፣ የፈቀደች ትፈርምልኝ» አሉት። ስድስቱም እንዲፈርሙ ነበር ልባቸው። ዘበኛው ቆይቶ ሲመለስ የጻፈችው አንዷ ብቻ ናት። የትኛዋ እንደሆነች ቢጠይቁት «እኔ ምኑን አውቄ፣ ለሴቶቹ ሰጠሁ፣ ከሴቶቹ ተቀበልኩ» አላቸው።

ከቀኝ ሦስተኛዋ ረጅም ናት፣ ጥርሷ ይታያል፣ ቀብረር ያለች። ጋሼ ከሃምሳ ዓመት በላይ እሷን ሲያዩ ኖረዋል። እትዬም ያውቃሉ። ቡናውን እየቀዱ «ያቺን ጎንደሬዋን አሳየህ?» ሲሉኝ ጋሼ «ጎንደሬ ናት ያለሽ ማነው?» ብለው ተቆጡ። ለካ ዘሯን የወሰኑላት እትዬ ራሳቸው ናቸው፣ በቁመቷ።

ስሟን ማግኘት ይቻላል? ከባድ ነው። የዚያን ጊዜ የትርዒት መግለጫ ወረቀቶች እኔም ጋ አሉ። ደራሲ እገሌ፣ አዘጋጅ እገሌ፣ ተዋንያን እነ እገሌ ይላሉ። መጨረሻ ላይ «ተወዛዋዦች» ይላል፣ ነጥብ። አንዳንዱ ላይ እሱም የለም። ደግሞ ስም ያልጻፈችው ረስታ ነው ብዬም አላስብም። ያኔ መድረክ ላይ የወጣች ሴት ቤተሰቧ ይሰድባታል፣ «አዝማሪ ሆነች» ይባልባታል። ቀድሞማ የሴቷን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ቀሚስ የለበሰ ወንድ ነበር። ስሟን ቀይራ የምትሠራም ሞልታለች። ለማታውቀው ተማሪ ስሟን በእጇ ጽፋ ብትሰጥ ወረቀቱ የት እንደሚደርስ በምን ታውቃለች? ይሄ የእኔ ግምት ነው። ጋሼ ግን «ቀልደኛ ስለሆነች ነው» ይላሉ።

እትዬ ሲሸኙኝ «አንኮበር ዘመዴ አለች፣ በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድን ውስጥ ተወዛዋዥ ነበረች፣ እሷን ጠይቃት» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ሰባር ጊዮርጊስ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ግማሹ ለንግሥ፣ ግማሹ ለሠርግ የሚሄድ ነው፣ ነጭ በነጭ ሆነን ታጨቅን። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ደጋው ሜዳ ሜዳውን ይሄድ ይሄድና ድንገት መሬቱ ያልቃል። ከታች ገደል፣ ከገደሉ ማዶ የአፋር ቆላ በጭጋግ ውስጥ። ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን እዚህ ጫፍ ላይ የሠሩት ሲያዩት ነው የሚገባው፣ ከየትም የሚመጣ ሰው ሳይታይ አይመጣም። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌም የተወለዱት አንኮበር ነው።

እማማን ጎረቤላ ከተማ ውስጥ ነው ያገኘኋቸው። ጎረቤት ሠርግ ስላለ ድንኳን ውስጥ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። «ቆይ እጄን ልታጠብ» ብለው ወጡ። ስለ ኪነት እንደምጠይቃቸው ስነግራቸው በሳቅ ሞቱ። «ማን ላከህ? እሷ ናት አይደል?»

በደርግ ጊዜ ኪነት የሌለበት ቀበሌ አልነበረም ማለት ይቻላል። ቀበሌው አለው፣ አውራጃው አለው፣ ክፍለ ሀገሩ አለው። እማማ ከቀበሌ ጀምረው አውራጃ ደረሱ። እስክስታቸው እንደሆነ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ መስክረውልኛል፣ ሳልጠይቃቸው። አበል ሲከፈል እንዴት ትፈርሙ ነበር አልኳቸው። «መጀመሪያ አሻራ ነበር» አሉ፣ አውራ ጣታቸውን እያሳዩኝ። «ቀለሙ ሳምንት አይለቅም። ከመድረክ ወርደህ ጣትህ ሰማያዊ ሆኖ እቤትህ ትገባለህ።» በኋላ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ፣ ዘመቻው የተጀመረው በ1971 ነው። ቀን ጭፈራ ልምምድ፣ ማታ ፊደል። ስማቸውን መጻፍ የቻሉ ዕለት አበል ከፋዩ ጣታቸውን ሊይዝ ሲል «ተወኝ፣ ብዕሩን አምጣ» አሉት። ይሄን ሲናገሩ ሽንኩርቱን የረሱ ይመስል እጃቸው አየር ላይ ቆመ፣ ብዕር እንደያዘ።

ስልኬ ላይ የጋሼን ፎቶ አሳየኋቸው። አስፍቼ፣ የጀርባውን ጽሑፍ አነበብኩላቸው፣ ረጅሟን በጣቴ አመለከትኩ።

እማማ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

«ከማን ቀኝ?» አሉኝ።

«እ?»

«ከማን ቀኝ ነው ሦስተኛ? ካንተ ነው ከእሷ?»

ዝም አልኩ።

«ልጄ፣ አሠልጣኛችን ‹ወደ ቀኝ› ሲለን ወደ ራሳችን ቀኝ ነበር የምንሄደው። ተመልካቹ በየት በኩል እንዳየን ምን ቸገረን! መድረክ ላይ የቆመች ሴት ቀኟ ይሄ ነው።» ቀኝ እጃቸውን አወዛወዙ። ከዚያ በሽንኩርት ጣታቸው ስክሪኑን እየነኩ ከሌላኛው ጫፍ ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከረጅሟ አጠገብ ያለችው ትንሿ ላይ ቆሙ። አንገቷን ሰበር ያደረገች፣ ነጠላዋ መሬት የነካው ናት። «ይቺ ናት» አሉ።

ከስድስት ሰው መሐል ከቀኝም ከግራም ሦስተኛ የሆኑት ጎን ለጎን ነው የሚቆሙት። ሃምሳ ዓመት የተመለሰው መልስ በአንድ ክንድ ርቀት ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው።

እርግጥ የእማማ ነገር ይሟገታል። ልጅቷ ስትጽፍ መድረክ ላይ አልነበረችም፣ ፎቶውን በእጇ ይዛ ነበር፣ ፎቶ የያዘ ሰው ደግሞ እንደ ተመልካች ነው የሚያየው። እንዲህ ብዬ ተከራከርኳቸው። እማማም «እኔ ፎቶዬን ሳይ ራሴን ነው የማየው፣ አንተን ሆኜ አላይም» አሉና ወደ ድንኳኑ ገቡ። መልስ አጣሁ። እስካሁንም የለኝም። ስመዝነው ግን ወደ እማማ አደላለሁ፣ ወጣትነቷን በሙሉ ቀኝና ግራዋን በመድረክ ስትቆጥር የኖረች ሴት ቸኩላ ስትጽፍ በለመደችው ነው የምትጽፈው።

ጋሼን ደወልኩላቸው። ነገሩን በቀስታ ላስረዳ ሞከርኩ። «አንተ ልጅ፣ ሃምሳ ዓመት አይቻታለሁ!» አሉኝ። ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን እሳቸው ይሁኑ አላወቅኩም።

ከሠርጉ ቤት ዳቦና ጠላ ቀርቦልኝ፣ ልነሳ ስል ማስታወሻዬን ዘረጋሁና «እማማ፣ ይፈርሙልኝ» አልኩ። «እኔ ምን ሆኜ? ድሮ ለአበል ነበር» ብለው እምቢ አሉ። የልጅ ልጃቸው ስትለምናቸው እስክሪብቶውን ተቀበሉ፣ ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ። ስማቸውን ይጽፋሉ ብዬ ስጠብቅ የጻፉት ያኔ የሚያወጡትን ግጥም ነው፦

አንኮበር ተራራው ጉም ይለብስ የለም ወይ፣
አንተስ ሰው አይደለህ አትጠይቀኝም ወይ።

ከሥሩ ስማቸውን አስገቡ። ገጹን በጎን ብርሃን ብታዩት ቦዩ እስከ ሦስተኛው ወረቀት ድረስ ወርዷል።

እሁድ፣ ጥር 19

ደብረ ብርሃን። ጠዋት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ተመለስኩ፣ ዘርዐ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ያሠሩት ቦታ ነው፣ ከተማዋም ስሟን ያገኘችው ከዚያ ነው። ቀሪውን ቀን ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ያነሳኋቸውን ስደረድር ዋልኩ።

ጋሼ ስልክ አያነሱም።

እግረ መንገዴን የድሮ ፎቶና ፊርማ ቤቱ ላለው ሰው አንድ ሁለት ነገር ልበል። ላሚኔት አታስደርጉት። ሙቀቱ ቀለሙን ይለውጠዋል፣ አንዴ ከተጣበቀ ደግሞ አይላቀቅም። ያ ገጹ ሙጫ የሆነ፣ ላዩ ላይ ፕላስቲክ የሚለጠፍበት አልበምም ጠላት ነው፣ ፎቶው ከዓመታት በኋላ ከሙጫው ጋር ይገነጠላል። ግድግዳ ላይ መስቀል ከወደዳችሁ ኮፒውን ስቀሉ፣ ዋናው ከፀሐይ ይራቅ። ጀርባው ላይ መጻፍ ካለባችሁ በእርሳስ፣ ለስለስ አድርጋችሁ። ዋናው ነገር ግን አያታችሁ በሕይወት እያሉ «ይቺ ማን ናት?» ብላችሁ ጠይቁ። አሁኑኑ ጠይቁ።

ሰኞ፣ ጥር 20

ወደ ደብረ ሲና ወረድኩ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፣ ሹፌሩ መብራት አብርቶ ጣሊያን ወደ ሠራው ዋሻ ገባ፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ጨለማ። ስንወጣ አየሩ ሌላ ነው፣ ጃኬቴን አወለቅኩ። ደብረ ሲና ላይ የቆሎ ሻጮቹ መኪናው ሳይቆም በመስኮት ገቡ ማለት ይቻላል።

የመጣሁት አንድ ሰው የጥላሁን ገሠሠ ፊርማ ያለበት ፎቶ አለኝ ብሎ ስላስጠራኝ ነው። የድሮ ካሴትና የሞባይል ቻርጀር አብሮ የሚሸጥ ልጅ ነው። ፎቶውን በጨርቅ ጠቅልሎታል፣ እንደ ታቦት ነው የገለጠው። ጥላሁን ማይክ ይዟል፣ ከሥር በሰማያዊ «ለወዳጄ» ይላል፣ ፊርማ አለ፣ ቀኑ «ጥር 2002» ነው።

«ይሄ መቼ ተፈረመ?» አልኩት።

«ያው እንደምታየው፣ ሁለት ሺህ ሁለት።»

«ጥላሁን ያረፈው ሚያዝያ 2001 ነው እኮ።»

ትንሽ አሰበ። «በፈረንጅ አቆጣጠር ነው» አለ።

መልሱ ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። በፈረንጅ 2002 ጥላሁን በሕይወት ነበር። «ጥር የፈረንጅ ወር ናት እንዴ?» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። ፎቶውን በጎን ብርሃን ሳየው ቀለሙ ቦይ የለውም፣ ሰርጎ የገባም ነገር የለም፣ ፊርማውም ፎቶውም በአንድ ፕሪንተር የወጡ ናቸው። ልጁ ከማን እንደገዛው ነገረኝ፣ እሱም ተሸውዷል። ላስከፋው አልፈለግኩም፣ ካሴቶቹን አገላብጬ ሁለት ገዛሁ። ሰው የሚያጭበረብረው በማን ስም እንደሆነ ግን ልብ በሉ። የጥላሁንን ፊርማ አስመስሎ የሚሠራ አለ። የተወዛዋዥ ፊርማ አስመስሎ የሚሠራ ሰው እስከዛሬ አልገጠመኝም፣ ማን ሊገዛው!

ማክሰኞ፣ ጥር 21

አስተርዮ ማርያም። ወደ ደነባ ሄድኩ፣ ሰያ ደብርና ዋዩ ወረዳ። ፊርማ አገኛለሁ ብዬ አይደለም። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተወለዱበት አገር ሰያ ደብር ስለሆነ ማየት ፈለግኩ። መንገዱ ሰፊ ሜዳ ነው፣ ስንዴው ታጭዷል፣ ክምሩ በየቦታው ቆሟል። ወዲያ ማዶ ጅሩ ነው፣ የሰንጋው አገር፣ ፋሲካ ሲደርስ አዲስ አበባ «የጅሩ ሰንጋ» እየተባለ የምንከራከርበት።

ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ከዐድዋ በኋላ ሩሲያ ሄደው ወታደራዊ ትምህርት ተምረዋል። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው፣ ጣሊያን ሲወረን ጄኔቫ ላይ ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩትም እሳቸው። ለእኔ ግን ከሁሉ በፊት የፋቡላ ደራሲ ናቸው። ቴአትር ነው ተብለው ተጠርተው ቢሄዱ ያዩት ዘፈንና ጭፈራ ሆነባቸው፣ «ቴአትር እንዲህ አይደለም» ብለው በ1910ዎቹ «ፋቡላ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ጻፉ። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ቴአትር የሚባለው እሱ ነው። አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ ሹማምንቱ ነበርና ንግሥት ዘውዲቱ አገዱት።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አገኘሁና ያውቋቸው እንደሆነ ጠየቅኩ። ሕገ መንግሥቱን ያውቃሉ፣ ፈተና ላይ ይመጣል። ቴአትሩን አልሰሙም። አንዷ ልጅ «አውሬ ሆኖ የሚጫወተው ማን ነበር?» አለችኝ። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ደራሲውን አውቃለሁ፣ ያገደችውን ንግሥት አውቃለሁ፣ አንበሳ ሆኖ መድረክ ላይ የወጣውን ሰው ግን አላውቀውም።

ሻይ ቤት ተቀምጬ ይሄን ሳሰላስል ነበር። ሰሜን ሸዋ ለቴአትር የሰጠችን ደራሲ ትንሽ አይደለም። ከበደ ሚካኤል የመንዝ ሰው ናቸው፣ «የትንቢት ቀጠሮ»ንና «አኒባል»ን የጻፉት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት የታየው «ዳዊትና ኦርዮን» የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ነው፣ የእሳቸውም ዘር ከዚሁ ከሸዋ፣ ከአዲስጌ ነው። የእነዚህ ሰዎች ፊርማ ደግሞ ሞልቷል። ሹማምንት ስለነበሩ በየደብዳቤው፣ በየሰነዱ ፈርመዋል። መርካቶ የአሮጌ ወረቀት ነጋዴ ጋ ብትሄዱ የሚኒስትር ፊርማ አታጡም። የጻፉትን ቃል ላብ በላብ ሆነው የተናገሩት ሰዎች ግን የፈረሙት ፔሮል ላይ ነው፣ ፔሮል ደግሞ ዘመኑ ሲያልፍ ይቃጠላል። ስለዚህ ነው ሚኒስትሮቹን ትቼ ከፎቶ ጀርባ የምለቅመው።

ማምሻውን ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። ስልኬን ሳየው ጋሼ ደጋግመው ደውለዋል።

ረቡዕ፣ ጥር 22

በጠዋት ሄድኩ። ፎቶው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ከጎኑ የልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት ማጉያ መነጽር። ጋሼ ሰላም እንኳ በቅጡ አላሉኝም።

«ጀርባው ላይ የጭረት ምልክት ይኖር እንደሆነ አውቃለሁ ብለኸኝ ነበር» አሉ። «የትኛዋ ጋ እንደቆመች ስትጽፍ ነክታው ይሆናል።»

መስኮቱ ጋ ወስጄ አጋደምኩት። ብዕር ነው፣ እስክሪብቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት። ምንም የለም። ነገርኳቸው። እማማ ያሉትንም ደገምኩላቸው፣ እኔ የተከራከርኩትንም። እትዬ ከጓዳ ሆነው «እኔ ከጅምሩ ያቺ ቀብራራ ለተማሪ አትጽፍም ብዬ ነበር» አሉ። ጋሼ «መቼ አልሽ?» አሉ። «ሆዴ ውስጥ» አሉ እትዬ።

ጋሼ ማጉያውን አነሱና ትንሿ ላይ አጎነበሱ። ረዘም ላለ ጊዜ አዩአት። ነጠላዋ መሬት መንካቱን እስከዛሬ ልብ ብለው እንደማያውቁ ነገሩኝ።

«ለካ ይቺም ቆንጆ ናት» አሉ።

ከዚያ የሥራ ትእዛዝ ተሰጠኝ። ሁለቱን ለየብቻ አስፍቼ፣ አዲስ አበባ ጥሩ ፎቶ ቤት አሳጥቤ፣ በአውቶቡስ እንድልክ። መጠናቸው እኩል ይሁን አሉ፣ አንዷ እንዳትበልጥ። የጀርባውን ጽሑፍም ለሁለቱም እንድደግመው ፈልገው ነበር፣ እሱን እምቢ አልኩ፣ የእጅ ጽሑፏ አንድ ነው፣ አይባዛም። ትንሽ አኮረፉ። እትዬ የሸኖ ቅቤ ቋጥረው ሰጡኝ፣ «ለእናትህ» ብለው። ላምበረት እስክደርስ ድረስ በዚህኛው ጉዞ የምሸተው እኔ ነበርኩ።